ጌታዋን ያላመደች አህያ

ተረቴ መጣች!
— እንኳን ደህና መጣች!
ከሩቅ ነው የመጣችው፣ ከጨው አገር።
— ትቀመጥ፣ ትረፍ፣ ትናገር!

እንግዲያስ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በጥንት ጊዜ፣ ሰው የእንስሳን ቋንቋ ከረሳ በኋላ፣ እንስሳት ግን የሰውን ቋንቋ ገና ሳይረሱ፣ ጓንጉል የሚባል ሲራራ ነጋዴ ነበረ። ሲራራ ነጋዴ ማለት አገር ላገር የሚዞር፣ ከበረሃ ጨው ጭኖ በደጋ ገበያ የሚሸጥ ሰው ነው። ጓንጉል እንጉዳይ የምትባል ሚስት ነበረችው። ማንጠግቦሽ የምትባል ልጅ ነበረችው፤ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። ደግሞ አንዲት አህያ ነበረችው። አህያይቱም ልጅ ነበራት፤ ጡት ያልጣለ፣ ጆሮው ከፊቱ የሚረዝም ውርንጭላ።

ጥምቀት እንዳለፈ ጓንጉል ወደ ጨው አገር ሊወርድ ተነሣ። ውርንጭላው ያን መንገድ አይችለውም ተብሎ ከበረት ታሰረ። እናቱ እየዞረች አየችው፤ እሱም አናፋ። ማንጠግቦሽ የአባቷን ጋቢ ጫፍ ይዛ፣

«አባዬ፣ መቼ ትመጣለህ?» አለችው።

«ለፋሲካ።»

«ለፋሲካ እርግጥ?»

«እርግጥ።»

ሰው መቼም ቃል ይገባል፤ በሽታ ግን የሰውን ቃል አይሰማም። ጓንጉል ጨውን ጭኖ ሲመለስ በበረሃው ጫፍ ላይ ንዳድ ያዘው። ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያልበው፣ ሲቃዥ ሰነበተ። ተሽሎት ቆሞ ሲሄድ ፋሲካ አልፏል። ዳግማይ ትንሣኤም አልፏል።

እየሄደ፣ እየሄደ፣ ከመንታ መንገዱ ደረሰ። በመንታው ላይ ትልቅ ሾላ ቆሟል። የቀኙ መንገድ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ጓንጉል ቤት ይወጣል። የግራው መንገድ ወደ ትልቁ ገበያ ይሄዳል። ጓንጉል ከሾላው ሥር ቆመና ራሱን አከከ።

«ምን ብዬ ልግባ?» አለ። «ሰው ፈስኮ፣ በልቶ ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ? ልጄን እንዴት ብዬ በዓይኗ አያታለሁ?»

ደረቱ ጠበበው። ትንፋሽ አጠረው።

«ግዴለም፣ ለመስቀል በደንብ ተሰናድቼ እገባለሁ» አለና ወደ ግራ ታጠፈ።

ወደ ግራ እንደታጠፈ ደረቱ ቀለል አለው። «እፎይ!» አለ።

ያቺ እፎይታ ናት ጉድ የሠራችው። ልብ በሉልኝ።

መስቀል መጣ። ጓንጉል ከሾላው ሥር ቆመ። አሁን ሐፍረቱ ሁለት ሆኗል፤ የፋሲካው አለ፣ ክረምቱን ሙሉ የመጥፋቱ አለ። ደረቱ ጠበበው። «ለገና እገባለሁ» አለና ወደ ግራ ታጠፈ። እፎይ! ገና መጣ። ሐፍረቱ ሦስት ሆነ። ሐፍረት እንደ ሊጥ ነው፤ ባደረ ቁጥር ይኮመጥጣል። አሁንም ወደ ግራ ታጠፈ። አሁንም እፎይ!

በገበያው ላይ ደባልቄ የሚባል የጨው ደንበኛ ነበረው።

«ቤት ደህና ነው ጓንጉል?» ይለዋል ደባልቄ።

«ደህና ነው።»

«ልጅህስ አደገች?»

«አደገች።»

ምን ያህል እንዳደገች ግን አያውቅም። ይህንን ይመልስና ፊቱን ወደ ጭነቱ ያዞራል።

እንግዲህ ወደ አህያይቱ እንምጣ።

እመት አህያ በአንገቷ ቃጭል ታስሮላታል፤ ከጎኗ ደግሞ የመንገድ ውሃ የምትይዝ ቅል ተንጠልጥላለች። ሦስቱ አብረው ስንት አገር ዞረዋል! አንድ ቀን እመት አህያ ገለባ ቀርቦላት ሳትበላ ቆመች። አፍንጫዋን ወደ ደጋው ነፋስ ቀስራለች።

«ምን ሆነሽ ነው እህቴ?» አለቻት ቅል።

«ልጄ ነዋ!» አለች እመት አህያ። «ጡቴ ደረቀ፤ ናፍቆቴ ግን አልደረቀም። ይሄ ሰው ቤቱን ካላየ እኔም ልጄን አላይ።»

«ለዚህ ነው የምትተክዢው?» አለ ቃጭል። «ተይው ለእኔ! በጩኸት የማይመለስ ሰው የለም።»

በሚቀጥለው ጊዜ ጓንጉል ከሾላው ሥር ሲደርስና ወደ ግራ ሲታጠፍ ቃጭል ጮኸ። ቃጭል! ቃጭል! ቃጭል! ዳገት ሲወጡ ጮኸ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ጮኸ። ጓንጉል ጆሮውን ያዘ። ከዚያ እፍኝ ሣር ነቅሎ በቃጭሉ አፍ ውስጥ ወተፈበት። ቃጭልም ሣር ጎርሶ ጸጥ አለ። ጓንጉልም እፎይ ብሎ ገበያው ገባ።

«ቆዩ፣ እኔ አለሁ» አለች እመት አህያ። «አልሄድም ያለች አህያን ማን ያስኬዳታል?»

በሚቀጥለው ጊዜ ከሾላው ሥር ሲደርሱና ጓንጉል ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ እመት አህያ ከነጭነቷ ዘፍ ብላ ተኛች። ጎተታት፣ አልተነሣችም። ለመናት፣ አልተነሣችም። መታት፤ ዱላው ተሰበረ። ሌላ ቆርጦ መታት። በመጨረሻ ጀርባዋ ሲቆስል ተነሣች። ጓንጉል ግን ላብ በላብ ሆኖ፣

«ይቺ ሾላ ክፉ ነገር አለባት!» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሾላው ሥር ማለፉን ተወ። ግማሽ ቀን የሚያስረዝም ሌላ መንገድ አገኘና በዚያ ይሄድ ጀመር። ሊመልሱት ሲሉ ጭራሽ አራቁት!

«ሁለታችሁም ክፉዎች ናችሁ» አለች ቅል። «ሰው በደግነት ነው የሚመለሰው።»

ቅልም ያላትን ሁሉ ሰጠችው። ጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ፣ ማታ ቀዝቃዛ ውሃ። ሲዘፍንም ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሲሳደብም ቀዝቃዛ ውሃ። ወደ ቤቱ ሲያስብም፣ ቤቱን ሲረሳም ያው ቀዝቃዛ ውሃ።

«ይቺ ቅል የተባረከች ናት!» አለ ጓንጉል፣ አፉን በመዳፉ እየጠረገ። ደስ ብሎት፣ ጠግቦ ጠጥቶ፣ በረጅሙ መንገድ ወደ ገበያው ሄደ።

ሦስቱም ተስፋ ቆረጡ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በየካቲት ወር፣ ከብት ከሚጠጣበት ምንጭ ላይ፣ እመት አህያ ከአንዲት በቅሎ ጋር ተገናኘች። በቅሎዋ ከነጓንጉል አገር የመጣች ናት።

«አንቺ የጓንጉል አህያ አይደለሽም?» አለች በቅሎ። «እዚያ እኮ ሞተ ተብሎ ተወርቷል!»

«አልሞተም። ያው፣ ከዚያ ቆሞ ፊቱን ይታጠባል።»

«እንግዲህ ቶሎ ይበል እንጂ! የእንጉዳይ ወንድም መጥቶ ‹ሰውየው ከሞተ ቆየ፤ እርምሽን አውጪና ከእኔ ጋር እንሂድ› አላት። እሷም ‹እስከ ሰኔ ሚካኤል ልጠብቀው፤ ያን ጊዜ ካልመጣ እርሜን አወጣለሁ› አለች። አገሩ ሩቅ ነው። ከሄደች አትመለስም። ቤቱም ይዘጋል።»

«ልጄስ? ውርንጭላዬ? ጆሮው ረዘም የሚለው?»

«እሱማ ከከብቱ ጋር ይነዳል።»

እመት አህያ ውሃውን ሳትጠጣ ተመለሰች። ጭነት ሲጫንባት አለቀሰች። መንገድ ስትሄድ አለቀሰች። ከሰፈሩበት ሜዳ ላይ ቆማ ስታለቅስ፣

«ጨርሰሽ ከሆነ ስሚኝ» የሚል ድምፅ ከጭነቱ ውስጥ ሰማች።

የተናገረው አሞሌ ነበር፤ አንድ ጎኑ የተሰበረ አሞሌ ጨው። ጎኑ ስለተሰበረ የሚገዛው ጠፍቶ፣ ጓንጉልም መጣሉን አልወድ ብሎ፣ ከበረሃ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ በረሃ ከእነሱ ጋር ሲመላለስ ከርሟል። ዝም ብሎ ሁሉን አይቷል።

«ከብት ወደ ጨው ሲሮጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት አሞሌ።

«አይቻለሁ።»

«ማን ገረፈው? ማን ጮኸበት? አንድ ቀን ምላሱን አስነካዋለሁ፣ በቃ። በማግስቱ አንድ ኮረብታ አቋርጦ ይመጣል፤ በሳምንቱ ሦስት ኮረብታ አቋርጦ ይመጣል። እናንተ ጓንጉልን ጮኻችሁበት፣ ሸሸ። ተኛችሁበት፣ ጭራሽ ሸሸ። ቅል ደግሞ ለሁሉም ሰጠችው፤ ለሁሉም የሚሰጥ ምን ደስ እንዳለው አይታወቅም።»

ቅል አፈረች።

«ደግሞ እሱም የሚልሰው ጨው እንዳለው አላያችሁም» አለ አሞሌ። «ወደ ግራ ሲታጠፍ ‹እፎይ› ሲል አልሰማችሁትም? ያ ነው ጨው። በታጠፈ ቁጥር ይልሰዋል። ስትጮኹበት ሐፍረቱ ይበዛል፤ ሐፍረቱ ሲበዛ እፎይታው የባሰ ይጣፍጠዋል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለች እመት አህያ።

«ቤቱ እስኪገባ አትጠብቁት። የቤቱን ስም ሲያነሣ እንኳ ደስ አሰኙት። ደስ ስታሰኙት ደግሞ እዚያው፣ ወዲያው ይሁን፤ ካሳደራችሁት ለምን እንደሆነ አያውቀውም። ወደ ግራ ሲል ግን አትቆጡ፣ አትተኙ፣ አታልቅሱ። ዝም በሉ።»

«ዝም ማለት ይከብደኛል» አለ ቃጭል። ሣሩ ደርቆ ከአፉ ረግፎ ነበርና ንግግር አምሮታል።

«ይክበድህ!» አለችው እመት አህያ። «የእኔ ይብሳል።»

ጠበቁ። አንድ ቀን አለፈ፤ ጓንጉል ስለ ገበያ አወራ፣ ስለ ጭነት አወራ። ዝም አሉት። ሁለተኛ ቀን አለፈ፤ ዝም አሉት። በሦስተኛው ቀን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተበጠሰ መጫኛ ሲቀጥል፣ ቋጠሮው አልይዝ አለውና ለብቻው ሳቅ አለ።

«ይሄን ማንጠግቦሽ ብታየኝ እንዴት ትስቅብኝ ነበር!» አለ።

ወዲያው ቃጭል፣ ቀስ ብሎ፣ ቅጭልልል አለ። እመት አህያ መጥታ ሞቃት አፍንጫዋን ከትከሻው ላይ አሳረፈች። ጓንጉል ቀና አለ። ቅሏን አንሥቶ ሲጎነጭ ውሃው እንደ ምንጭ ቀዘቀዘው።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ?» አላት አህያይቱን፣ ጆሮዋን እያሻሸ። ከስንት ጊዜ በኋላ ማሻሸቱ ነው!

በማግስቱ ስሟን ሁለት ጊዜ አነሣ። በሳምንቱ እየሄደ ያወራ ጀመር፤ ማንጠግቦሽ ጥርሷን ስትነቅል እንዴት እንዳለቀሰች፣ እንጉዳይ እንጨት ስትፈልጥ እንዴት ከእሱ እንደምትበልጥ። ባወራ ቁጥር ቃጭል ቅጭልልል ይላል፤ እመት አህያ ጭነቱን እንደ ላባ ይዛ ትሄዳለች፤ ቅል ውሃዋን ታቀዘቅዛለች። ስለ ሌላ ሲያወራ ደግሞ ዝም፤ መንገዱም መንገድ ብቻ፣ ውሃውም ውሃ ብቻ ይሆናል።

«አሁን በስም ብቻ አትስጡት» አለ አሞሌ። «ዓይኑ ወደ ተራራው ሲያይ ስጡት።»

ጓንጉል ስም ጠራ፤ ዝም አሉት። ግራ ገባው። ዞር ዞር ሲል ዓይኑ ከአገሩ ተራራ ላይ አረፈ። ቅጭልልል! ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ይቆም ጀመር። አንድ ቀን ማንም ሳይነግረው ረጅሙን መንገድ ትቶ በሾላው መንገድ ሄደ። የዚያን ቀን ቃጭል ጮቤ ሊረግጥ ምንም አልቀረው።

ፋሲካ ደረሰና አለፈ። እመት አህያ ቀን ትቆጥራለች። ነፋሱ ከደጋው ሲነፍስ የበረቷን ሽታ ያመጣላታል፤ የገብስ ገለባ፣ የእርጥብ አፈር፣ የልጇን ሽታ። አንድ ቀን ከሾላው ሥር ሲደርሱ ጓንጉል ቆሞ ወደ ቀኙ መንገድ አየ። ፊቱ ፈካ አለ። እመት አህያ አልቻለችም! ገመዷን እንደያዘ ወደ ቀኝ በኃይል ጎተተችው፤ ጎተተችውና ከሾላው ጥላ አሥር እርምጃ አወጣችው።

ጓንጉል ድንገት መንገዱን አየ። ወንዙን አየ። ደረቱ ተቆለፈ።

«አይ! አይሆንም! ምን እላታለሁ? ምን እላቸዋለሁ?» አለ። አህያይቱን በጥፊ መትቶ እየሮጠ ወደ ግራ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት የልጁን ስም አላነሣም። ወደ ተራራውም አላየም።

«ቸኮልሽ» አላት አሞሌ።

«ልጄ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ሰኔ ደረሰ እኮ!»

«አውቃለሁ እመት አህያ። ግን የናፈቀሽ አንቺ ነሽ፣ የሚፈራው ደግሞ እሱ ነው። በናፍቆትሽ ልክ ከጎተትሽው በፍርሃቱ ልክ ይሸሻል። ወደ ስሙ ተመለሱ። ከስሙ ጀምሩ።»

ልቧ እያረረ ከስሙ ጀመረች። ጓንጉል አንድ ጊዜ «ማንጠግቦሽ» ሲል አፍንጫዋን ከትከሻው ላይ አሳረፈች። ደግሞ ዓይኑ ተራራውን ሲፈልግ፣ ደግሞ እግሩ ወደ ሾላው ሲል። በዚህ መሐል የበልግ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ በጭነቱ ውስጥ ሰርጎ፣ ጎነ ሰባራውን አሞሌ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አሟሟው። አንድ ቀን የአውራ ጣት ያህል ቀርቶ ሳለ፣ «ከዚህ በኋላ ያለ እኔም ታውቁታላችሁ» አላቸው። በማግስቱ ቢጠሩት አልመለሰም። ከረጢቱ ብቻ ረጥቦ ነበር።

ሰኔ አሥር ቀን ሆነ። ሰማዩ ጠቁሯል። ጓንጉል ከሾላው ሥር ደርሶ ቆመ። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ተራመደ። ቅጭልልል!

ሁለተኛ እርምጃ። እመት አህያ አፍንጫዋን ከአንገቱ ሥር አሳረፈች።

ከቅሏ ጎነጨ። ውሃው ቀዘቀዘው።

ጓንጉል ቆመና አሰበ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ አንድ እርምጃ ተመለሰ። ጸጥ። ወደ ቀኝ ተራመደ። ቅጭልልል! ወደ ግራ ተመለሰ። ጸጥ። ወደ ቀኝ። ቅጭልልል!

ዓይኑ ፈጠጠ። ቃጭሉን አየ፣ ቅሏን አየ፣ የአህያይቱን ዓይን አየ።

«እናንተ!» አለ። «እናንተ ናችሁ? አህያ የማላምድ ሰው ነኝ ስል፣ አህያ አላመደችኝ?»

ሳቀ። እየሳቀ አለቀሰ። ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብዙ ካለቀሰ በኋላ ፊቱን በጋቢው ጠረገና ተነሣ።

«ክፉ አላደረጋችሁም» አላቸው። «እስከዚህ ድረስ ማን ያመጣኝ ነበር? ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ተዉልኝ። በቃጭል ተጠርቼ ደጄ ብቆምና ልጄ ‹ማን አመጣህ?› ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?»

ቃጭል ምላሱን ያዘ። ቅል ዝም አለች። እመት አህያ አንድ እርምጃ ከኋላው ቀረች። ጓንጉልም ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ። ደረቱ ጠበበው። ውሃው ከጉልበቱ ደረሰ፣ ደረቱ ጠበበው። ዳገቱን ወጣ፣ ደረቱ ጠበበው። እፎይ የሚያሰኘው ነገር አልመጣም። የጠበበ ደረትም ይራመዳል ለካ!

ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ።

እንጉዳይ ከደጅ እህል በአቁማዳ ትከት ነበር። የእርሙ ቀን ከነገ ወዲያ ነው፤ ወንድሟም የሚመጣው ከነገ ወዲያ ነው። ቀና ብላ አየችው። ብዙ አየችው። ጥቁር ልብስ ለብሳለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ከዚያ ወደ ቤት ዞራ፣ «ማንጠግቦሽ፣ መንገደኛ መጥቷል፤ ውሃ ስጪው» አለች።

«እንጉዳይ፣ እኔ ነኝ።»

«አይቻለሁ።»

«አፍሬ ነው የቀረሁት። በፋሲካ ዘገየሁ፤ ከዚያ በኋላ አፈርኩ።»

«ማፈሩንስ እፈር» አለች እንጉዳይ። «ምነው ታዲያ እዚህ መጥተህ፣ ከእኛ ጋር ሆነህ ብታፍር?»

አቁማዳዋን ይዛ ገባች። ጓንጉልም ከበረቱ ጥግ፣ ከክዳኑ ጠብታ ሥር ተቀመጠ።

እመት አህያ ግን በበረቱ ውስጥ ልጇን አየች። ልጇ ከእሷ ቁመት በልጧል፤ ጀርባው ላይ የጭነት ምልክት ወጥቶበታል። ሮጣ ልትሄድ እግሯ ተነሣ፤ አሞሌ ያላት ትዝ አላትና እግሯን መለሰች።

«እንደምን ውለሃል?» አለችው።

«ደህና። ማን ነሽ?» አላት።

ልቧ ሁለት ሆነ። «ከሩቅ የመጣሁ ነኝ» አለችው። ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ፣ ከእሱ ገለባ ዳር ዳሩን በላች። እሱም አልከለከላትም።

ሰኔ ሚካኤል ሆነ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። የእንጉዳይ ወንድም በሁለት በቅሎ መጣና ጓንጉልን በበረቱ ጥግ ተቀምጦ አየው።

«መጣ እንዴ?» አላት እህቱን።

«መጣ።»

«ገባ?»

«ደጅ ነው።»

«ታዲያ እንሄዳለን ወይስ አንሄድም?»

«ዝናቡ ይቁምና» አለች እንጉዳይ። ወንድሟም ሌላ ሳይጠይቃት ከእሳቱ ዳር ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ማንጠግቦሽ በእፍኟ ቆሎ ይዛ ወጣች። ከጓንጉል ራቅ ካለ ድንጋይ ላይ አስቀምጣለት ሮጣ ተመለሰች። ጓንጉል አልተነሣም፤ እጁን ዘርግቶ ጥቂት ቆሎ አነሣና በላ። ከአፍታ በኋላ ደግማ መጣች። አሁን ቆሎውን ከእግሩ አጠገብ አስቀመጠች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ቆሎ አልያዘችም። ቆመችና አየችው።

«አባቴ ነህ?»

«ነኝ።»

«ለፋሲካ እርግጥ ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር።»

«ለምን ቀረህ?»

ጓንጉል ስለ ንዳዱ ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ዘጋው።

«አፍሬ ነው» አላት።

«ከማን?»

«ከአንቺ።»

ማንጠግቦሽ ገረማት። ራሷን ከላይ እስከ ታች አየች።

«እኔ እኮ ትንሽ ነኝ» አለችው። «ከትንሽ ሰው ይታፈራል እንዴ?»

ዝናቡ በሁለቱም ላይ ይወርዳል። እሷ ግን ወደ ቤት አልሮጠችም፤ ከጎኑ፣ ከክዳኑ ሥር ተጠጋች። እጇ በርዶ ነበር፤ በጋቢው ጫፍ ሸፈነላት።

ከውስጥ ደግሞ የእንጉዳይ ድምፅ መጣ።

«ሁለታችሁም ግቡ! ዝናቡ በረታ።»

ገቡ።

ወንድሟ ዝናቡ ሲያባራ ብቻውን፣ የተዘጋጀውን በልቶ፣ በቅሎዎቹን ነድቶ ሄደ። እንጉዳይ ጥቁሯን ወዲያው አላወለቀችም፤ ጓንጉልንም እስከ መስቀል ድረስ በረጅሙ አላናገረችውም። ቢሆንም አብረው ከረሙ። እመት አህያም ክረምቱን ከልጇ ጋር ገለባ ተካፈለች፤ አንድ ቀን ራሱን ከአንገቷ ላይ አሳርፎ ተኛ፤ እናቱ መሆኗን ይወቅ አይወቅ እኔ አላውቅም። ጓንጉልም ነጋዴነቱን አልተወም። ቀን ይቆርጣል፤ ወንዝ ይሞላበታል፣ ጭነት ይወድቅበታል፣ ይዘገያል። የዘገየ ጊዜ ዘግይቶ ይገባል። ያፈረ ጊዜ አፍሮ ይገባል። ብቻ ይገባል።

እንግዲህ የሰማችሁትን ለቀረው ንገሩ፤ የራቃችሁም ሰው ካለ ይህን ያዙ፦

የራቀን ሰው በዱላ አይጠሩትም፤ ትንሽ በትንሽ ያቀርቡታል። ደጁን ግን እሱው ይለፈው።